«በሩ ተቆልፎ ነበር?» ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ለሜሪላንድ ስቴት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት
ባልቲሞር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። እናንተ አስተርጓሚ አላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቼ ግን ያለ አስተርጓሚ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

የምጽፍላችሁ በየሰው ቤት ስለሚሠሩ እህቶቻችን ነው። ልጅ ያሳድጋሉ፣ ያበስላሉ፣ አረጋውያን ይጦራሉ። አንዳንዷ የመጣችው ከዲፕሎማት ወይም ከዓለም ባንክ ሠራተኛ ጋር ነው፤ ኤ-3 ወይም ጂ-5 በሚባለው ቪዛ። አንዳንዷን ደግሞ ያመጣት የገዛ ዘመዷ ነው።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ እንደምንም ደፍራ መርማሪ ፊት ብትቀርብ ቀድማ የምትሰማው ይህን ነው። በሩ ተቆልፎ ነበር? መትተውሻል? ስልክ አልነበረሽም? እሷም እውነቱን ትናገራለች። አይ፣ ቁልፍ ነበረኝ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር። በቃ፣ ነገሩ የደሞዝ ክርክር ተብሎ ያልፋል።

እኛ ዘንድ ሰው የሚታሰረው በቁልፍ አይደለም። ትኬቱን የቆረጠላት ሰው ጠዋት ማታ «ያመጣሁሽ እኔ ነኝ» ይላታል። ፓስፖርቷ «እንዳይጠፋብሽ» ተብሎ የሰው መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ደሞዟ «እያጠራቀምኩልሽ ነው» ይባላል። ለበዓል ለእናቷ ጥቂት ዶላር ይላክና ያ እንደ ክፍያ ይቆጠራል። ልውጣ ካለች ወሬው ከእሷ ቀድሞ አገር ቤት ይደርሳል፤ ልጅቱ ውለታ ቢስ ናት ይባላል። ያ ስም እናቷንና ታናናሾቿን ይከተላቸዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ «ፖሊስ ጋ ብትሄጂ የምትባረሪው አንቺ ነሽ» የሚለው ማስፈራሪያ አለ። በዚህ ዘመን እሱን ለማመን ብዙ ማስረጃ አያስፈልጋትም።

አቤት ስትል ደግሞ ሽማግሌ ይላካል። አንድ እንዲህ ያለ እርቅ ላይ ተገኝቼ ነበር። ልጅቷ ትንሽ ደብተር ይዛ መጣች። ያልተከፈላት ወር በእርሳስ ተራ በተራ ተጽፎበታል። ደብተሩ ጉልበቷ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ የከፈተው ሰው የለም። «ዘመድ ነው፣ ሆድ ይፍጀው» ተባለች። ቡና ተፈላ፣ ተመረቀች፣ ወደዚያው ቤት ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የሚያስታርቁት ነገር በዚህ አገር ወንጀል ሊሆን እንደሚችል የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የፌዴራሉ ሕግ ግን ይህን ሁሉ ያውቃል። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማስገደድ ማለት ድብደባ ወይም በሕግ ማስፈራራት ብቻ ነው ብሎ ነበር። ኮንግረስ በ2000 ባወጣው በሰው መነገድን የሚከለክል ሕግ ያንን ጠባብ በር ከፈተው። ዛሬ ሕጉ «ከባድ ጉዳት» የሚለው የሥነ ልቦናን፣ የገንዘብንና የስምንም ጉዳት ይጨምራል። መለኪያውም በሷ ዓይነት አስተዳደግና በሷ ሁኔታ ያለ አስተዋይ ሰው ምን ያደርግ ነበር የሚል ነው። ይህን አንቀጽ ሳነብ የኛን ቤት የሚያውቅ ሰው የጻፈው ይመስለኛል። ለማስገደድ ብሎ ፓስፖርት መያዝም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

ሜሪላንድም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። ጌተርስበርግ ውስጥ አንዲት ከብራዚል የመጣች ሴት ወደ 20 ዓመት ገደማ ያለ ደሞዝ ስትሠራ ኖራ፣ አሠሪዋ በ2000 ተፈርዶበታል። ስቴቱም በ2019 ባወጣው ሕግ ሰውን አስገድዶ ወይም አታልሎ ማሠራትን ከባድ ወንጀል አድርጎታል። ሕግ አጣን አንልም።

ካሳውም አለ። የፌዴራል ዳኛ ጥፋተኛ ካለ በኋላ የተበዳይዋ ገንዘብ እንዲከፈላት የማዘዝ ግዴታ አለበት። ዐቃቤ ሕግ ባይከስ እንኳ እሷ ራሷ በፍትሐ ብሔር መክሰስ ትችላለች፤ ጊዜው 10 ዓመት ነው። የመን ውስጥ በአንዲት የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ቤት ትሠራ የነበረች ኢትዮጵያዊት እዚሁ ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ከስሳ የ3 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ አግኝታለች። በ2019 ውሳኔውን ያጸናው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሜሪላንድንም የሚዳኘው ነው። በኤ-3 ወይም በጂ-5 የመጣች ሴት በዚህ ሕግ ክስ ከመሠረተች ክሱን እየተከታተለች እዚህ እንድትቆይ ሕጉ ይፈቅድላታል። በሰው ንግድ ለተበደሉ የሚሰጥ ቲ ቪዛም አለ፤ ማመልከቻው አይከፈልበትም፣ ከተፈቀደ ለ4 ዓመት ያኖራል፣ ወደ ግሪን ካርድም መንገድ አለው። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ደብተር ይዛ የመጣችው ልጅ አንዱንም አልሰማችም ነበር።

የምለምናችሁ እንግዲህ ይህን ነው። መርማሪዎቻችሁና የየካውንቲው ዐቃብያነ ሕግ ጥያቄያቸውን ይቀይሩ። ፓስፖርትሽ የት ነው? ደሞዝሽ በማን እጅ ነው? ብትወጪ ቤተሰብሽ ላይ ምን ይመጣል? አገር ቤት ምን ይወራል? ብለው ይጠይቁ። አስተርጓሚውም የአሠሪዋ ዘመድ ወይም ወዳጅ አለመሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ አፏን ትይዛለች።

ሁለተኛው ፊርማ ነው። ለቲ ቪዛ የሕግ አስከባሪ ማረጋገጫ የግድ አይደለም፤ ካለ ግን ጠቃሚ ማስረጃ ነው። ጠበቆች ሲጠይቁ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እንዳይከርም ቁርጥ ያለ ቀን ይኑረው። እምቢ ካላችሁም ምክንያቱን ጽፋችሁ ስጡ።

መብቷን የሚናገር ወረቀት ደግሞ በጥሩ አማርኛ ይታተም። በኮምፒውተር ተተርጉሞ ማንም የማይገባው አይሁን። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ፣ በየእንጀራ መሸጫው ይለጠፍ። ሽማግሌዎቻችንንም ጥሯቸው፣ አስረዷቸው። እነሱ አንዴ ከገባቸው ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሠራሉ።

ይህን ለምታነቢው እህቴ፦ የአገር አቀፉ የስልክ መስመር 1-888-373-7888 ነው። ሌሊትም ይሠራል። ከተነሣልሽ «አምሐሪክ» በዪ፣ አስተርጓሚ ያገናኙሻል። የወር ደብተር ካለሽ አትጣይው።

ከጽሕፈት ቤታችሁ በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ