የተቆረጠው ፎቶው እንጂ ኬብሉ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚገኝ አንድ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ለአምስት ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ሳይገናኝ እንደቆየ፣ ለዚህም ተጠያቂዎቹ «የአካባቢው ኬብል ሌቦች» እና «ከነሱ የሚገዙ ቆራሌዎች» እንደሆኑ ባለፈው እትማችሁ ጽፋችኋል። ዜናውን ያነበበ ሁሉ ፎቶውንም አይቷል፤ የኮምፒውተር ስክሪን ነው፣ ከሥሩም «የመስመሩ መሰረቅ በባለሙያ ሲረጋገጥ» ይላል። እኔን ያስጻፈኝ ያ ፎቶ ነው።

እኛ የዳር ከተማ ሰዎች ጋዜጣ ላይ የምንወጣው ጅብ ሲገባብን፣ ጎርፍ ሲወስደንና ስንሰርቅ ነው። ለሁለቱ ፎቶ አያንስም። ለሦስተኛው ግን ቢያንስ ፎቶውን ማንበብ ይገባ ነበር።

ፎቶው ቅርንጫፉን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ (ራውተር) «ሾው ኢንተርፌስ» ለሚባል ትእዛዝ የሰጠው መልስ ነው። የመጀመሪያ መስመሩ «ሲሪያል 0/0/0» ስለሚባለው የመስመሩ መሰኪያ «ኢዝ አፕ (ተነስቷል)፣ ላይን ፕሮቶኮል ኢዝ ዳውን (ወድቋል)» ይላል። ዘጋቢያችሁ «ዳውን»ን አይቶ ሮጠ፤ ከፊቷ ያለችውን «አፕ» ዘሏት ሄደ። ሁለቱ ቃላት የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። «አፕ» ማለት ራውተሩ ከሞደሙ የካሪየር (መስመር አለ የሚል) ምልክት ያገኛል፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ቪ.35 ኬብል በቦታው ተሰክቷል፣ ሞደሙም መስመር አለኝ እያለ ነው። «ላይን ፕሮቶኮል» ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉት ራውተሮች በዚያ መስመር ላይ ተግባብተዋል ወይስ አልተግባቡም የሚለውን ይነግረናል። ሽቦው ተቆርጦ ሲወሰድ ሞደሙ ካሪየሩን ያጣል፤ ስክሪኑም «ዳውን፣ ዳውን» ይላል።

አንድ ነገር አልሸሽግም። ካሪየሩ ሁልጊዜ እንደበራ እንዲቆይ ተደርጎ የተስተካከለ ሞደም ያጋጥማል። መሀል ላይ ያለ የቴሌኮም መሣሪያ ሲበላሽም ስክሪኑ አፕ/ዳውን ሊል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ መስመር ብቻዋን ማንንም ነጻ አታወጣም። ወረድ ብላ ያለችው ግን ታወጣለች፦ «ኢንካፕሱሌሽን ኤችዲኤልሲ»። ኢንካፕሱሌሽን ራውተሩ መልእክቱን የሚጠቀልልበት ደንብ ነው፤ ኤችዲኤልሲና ፒፒፒ እርስ በርስ የማይግባቡ ሁለት ደንቦች ናቸው።

አሁን የራሳችሁን ዜና አራተኛ አንቀጽ እንመልከት። «ቅርንጫፉ በፒፒፒ በሚሠራ ባለ 2 ሜጋ መስመር ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በዚያው ሳምንት አዲስ የሲስኮ ራውተር ቢተከልም ሌቦቹ ሥራ አስፈትተውታል» ትላላችሁ። ሌባው እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጧል። የሲስኮ ራውተር ከካርቶኑ ሲወጣ ሲሪያል ፖርቱ ማንም ሳያዘው የሲስኮን ኤችዲኤልሲ ነው የሚናገረው። ሲስኮ በመደበኛው ኤችዲኤልሲ ላይ የራሱን የፕሮቶኮል መለያ ስለጨመረበት፣ ይህን ከማያውቅ የሌላ ኩባንያ ራውተር ጋር አይግባባም። ፒፒፒ ደግሞ ማንም ኩባንያ የሚሠራበት ክፍት ደንብ ነው፤ ከሐምሌ 1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርኤፍሲ 1661 በሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ላይ ሰፍሯል። የሁለቱም ፍሬም (የሚላከው የመረጃ ጥቅል) 7ኢ በሚባል ኮድ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፒፒፒ ኤፍኤፍ 03፣ የሲስኮ ኤችዲኤልሲ ደግሞ 0ኤፍ 00 ወይም 8ኤፍ 00 ይልካል። ማዶ ያለው ራውተር የማያውቀው ሰላምታ ሲደርሰው ይጥለዋል። አዲሱ ራውተር በየ10 ሴኮንዱ «አለህ?» እያለ ይልካል፤ ሦስቴ መልስ ሲያጣ ላይን ፕሮቶኮሉን ይጥላል። ለዚህ ቆራሌ አያስፈልግም።

መድኃኒቱም አምስት ቀን አይፈጅም። ሲሪያል 0/0/0 ውስጥ ገብቶ «ኢንካፕሱሌሽን ፒፒፒ» ብሎ መጻፍ ነው። ማዶው ቻፕ (ማንነትን በፓስወርድ የማረጋገጫ ዘዴ) የሚጠይቅ ከሆነ «ፒፒፒ ኦተንቲኬሽን ቻፕ» ይጨመራል፣ ከዚያም የማዶው ራውተር ስም እንደ ዩዘርኔም ከፓስወርዱ ጋር ይመዘገባል። ራውተር ሲቀየር ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ዩዘርኔሙ የራስ ስም ሳይሆን የማዶው ሆስትኔም (የራውተሩ መጠሪያ) ነው፤ ማዶውም የሚያውቀው የአሮጌውን ራውተር ስም ነው። አዲሱ ያ ስም ካልተሰጠውና በፋብሪካ ስሙ «ራውተር» ብሎ ከቀረበ፣ ፓስወርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ አይገባም። ፓስወርዱ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፣ ከኋላው ሳይታይ የቀረ አንድ ክፍት ቦታ እንኳ ያበላሸዋል። (ሰልችቶት ፓፕ ወደሚባለው ሌላ የማረጋገጫ ዘዴ የሚዞር አይጠፋም፤ ፓፕ ፓስወርዱን እንዳለ በመስመሩ ላይ ስለሚልክ አይመከርም።)

ከዚያ ስክሪኑ ራሱ ይመራል። «ኤልሲፒ ክሎዝድ» (የፒፒፒ የመጀመሪያው ድርድር አልተከፈተም) ካለ ኢንካፕሱሌሽኑ አልገጠመም ወይም መስመሩ ራሱ ችግር አለበት። ፕሮቶኮሉ እየተነሳ የሚወድቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቻፕ ነው፤ «ዲባግ ፒፒፒ ኦተንቲኬሽን» የሚለው ትእዛዝ ያጋልጠዋል። ኤልሲፒ ተከፍቶ አይፒሲፒ (ቀጣዩ የአይፒ ድርድር) ካልተከፈተ የአይፒ አድራሻው አልተሰጠም ወይም በትክክል አልተሰጠም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ካለ ያኔ ሽቦውን መጠርጠር ይቻላል፤ እሱንም በሙከራ ነው። ራውተሩ ለሙከራው ኤችዲኤልሲ ላይ ይደረግና የራስ ሞደም ሉፕ ላይ (የተላከለትን መልሶ እንዲልክ) ይቀመጣል። ስክሪኑ «አፕ፣ አፕ፣ ሉፕድ» ካለ ከራውተር እስከ ሞደም ያለው ደህና ነው። ቀጥሎ የማዶው ሞደም ወደዚህ ሉፕ ይደረጋል። አሁንም «ሉፕድ» ካለ፣ የላክነው ምልክት ማዶ ደርሶ ተመልሷል፤ ተሰረቀ የተባለው ሽቦ ላይ አልፎ ማለት ነው። ዜናው ላይ ይህ ሙከራ ስለመደረጉ አንዲት ቃል የለችም። ሳይገድሉ ጎፈሬ ሳያጣሩ ወሬ ይሏል ይኸው ነው።

«ስርቆቱ የመስመሩን ፍጥነት ወደ 1544 ኪሎቢት አውርዶታል» የምትለዋን ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም። ተሰርቆም ይፈጥናል! ስክሪኑ ላይ ያለው 1544 የተለካ ፍጥነት አይደለም፤ ሰው እስኪቀይረው ድረስ ራውተሩ በራሱ የሚጽፈው ቁጥር ነው፣ የመጣውም ቲ-1 ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ መስመር ፍጥነት ነው። የእኛ ባለ 2 ሜጋ መስመር ኢ-1 ነው፣ 2048። ቁጥሩን ኦኤስፒኤፍን የመሰሉ ፕሮቶኮሎች ለመንገድ ምርጫ ይጠቀሙበታል እንጂ መስመሩን አንዲት ቢት አያዘገይም። በዘጋቢያችሁ ሂሳብ ግን የቱሉ ዲምቱ ሌባ 504 ኪሎቢት ቆርሶ፣ በጆንያ አድርጎ ለቆራሌ ሸጧል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ ፎቶው ግርጌ ነው። የዚያ ትእዛዝ ውጤት መጨረሻ ላይ «ካሪየር ትራንዚሽንስ» የሚል ቆጣሪ አለ፤ ካሪየሩ ስንት ጊዜ እንደጠፋና እንደተመለሰ ይመዘግባል። በብዙ ራውተር ላይ ከሱ ቀጥሎ «ዲሲዲ» (የካሪየር ምልክቱ) አፕ ነው ወይስ ዳውን የሚለው ይጻፋል። የእናንተ ፎቶ ልክ እዚያ ጋ ሲደርስ ተቆርጧል። ቱሉ ዲምቱ ላይ የተቆረጠ ነገር ካለ እስካሁን በማስረጃ የታየው እሱ ብቻ ነው።

ሙሉውን ፎቶ አትሙት። ቆጣሪው በዚያ ሳምንት ካሪየር መጥፋቱን፣ ዲሲዲም ዳውን መሆኑን ካሳየ፣ ይቅርታዬን በዚሁ ዓምድ እጽፋለሁ። ካላሳየ ግን የቆራሌዎቹ ማረሚያ ዜናው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ፤ ከሟርትና ከጨረታ ማስታወቂያ መሀል አይደለም።

የኔትወርክ ጥገና ባለሙያ
ከቱሉ ዲምቱ