ሥራ የፈታችው ድመቴና ሃይላንዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በመጨረሻው ገጻችሁ ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ አነበብኩ። «ሰዉ ዘይት ተወደደ እያለ ሲያለቅስ፣ ለድመቱ ጉርሻ የሚሰጥ መጫወቻ ከውጭ የሚያስመጣ አለ» ትላለች። ከሥሯ ደግሞ «የድመት ሥራዋ አይጥ መያዝ ነው፣ መጫወቻ ምን ያደርግላታል?» የሚል ጥያቄ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ግን ደሜ ፈላ፤ ምክንያቱም ያ የተሳቀበት ሰው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ጥያቄውም መልሱን በሆዱ ይዟል፣ ጸሐፊው አላየውም እንጂ። የድመት ሥራ አይጥ መያዝ ከሆነ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በር የተዘጋባት ድመት ሥራዋ ምንድን ነው?

ዳልቻ የምትባል ድመት አለችኝ። የተወለደችው ጉለሌ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ ሥራ ነበራት። ጣራ ላይ ትወጣለች፣ ከማድቤቱ ጀርባ ታደፍጣለች፣ የጎረቤት ድመት ታባርራለች፣ ሲመሽ ደክሟት ትመጣና ተጠቅልላ ትተኛለች። ከሦስት ዓመት በፊት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ስገባ ይዣት መጣሁ። መጀመሪያ በሩን ክፍት እተውላት ነበር፣ ደረጃውን ወርዳ ዞር ዞር ብላ ትመለሳለች። ከዚያ ምድር ላይ ያሉት ሱቆች በአይጥ ተማረሩና መርዝ ማድረግ ጀመሩ፤ በአንድ ወር ውስጥ ብሎካችን ውስጥ ሁለት ድመት ሞተ። መርዙን አልበሉትም። መርዙን የበላች አይጥ ነው የበሉት። በዚያው ቀን በሩን ዘጋሁት።

ታዲያ መዝጋቱ ቀላል ነው፣ ከተዘጋ በኋላ ያለው ነው ጉዱ። ዳልቻ ወፈረች። 4 ኪሎ የነበረችው 6 ገባች። ሶፋውን ቦጫጨቀችው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደረቴ ላይ ወጥታ ትጮሃለች። በአልጋው በኩል ሳልፍ ከሥር ተወርውራ ተረከዜን ነክሳ ትሮጣለች፣ እኔማ ቂም የያዘችብኝ ነበር የመሰለኝ። ሐኪም ጋ ወሰድኳት። አገላብጦ አያት፣ መዘናት፣ «በሽታ የለባትም፣ ሥራ ፈታ ነው» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት አይጥ ለድመት የምትሰጠው ወደ 30 ካሎሪ ነው። ደህና ቁመና ያላት የ4 ኪሎ ድመት ደግሞ በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ትፈልጋለች። ስለዚህ በተፈጥሮዋ ሰባት ስምንት አይጥ መያዝ አለባት፣ ለአንዷ ደግሞ ስንት ጊዜ አድፍጣ፣ ስንት ጊዜ ዘላ፣ ስንት ጊዜ ስታ። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እየበላች፣ በመሃል እያደነች እንድትኖር ነው የተሠራችው። እኛ ምን እናደርጋለን? ጠዋት ሳህን ላይ እንገለብጥላታለን፣ በሦስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች፣ የቀረውን ቀን ግድግዳ ታያለች። የቤት ድመት የመጣችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፣ ያቺ ዘመዷ ዛሬም በአገራችን ዱር ውስጥ አለች። በሺህ የሚቆጠር ዓመት ከሰው ጋር ኖራም አደኑ አልወጣላትም። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የተባለው ለስድብ ቢሆንም እኔ ግን እንደ ሳይንስ ነው የምወስደው።

መጫወቻው የሚያደርገው እንግዲህ ይህንኑ ሥራ መመለስ ነው። ተአምር የለውም። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የላከችልኝ ባዶ የፕላስቲክ ኳስ ነው፣ ጎኑ ላይ የሚጠብና የሚሰፋ ቀዳዳ አለው። ደረቅ ምግብ ትጨምሪበታለሽ፣ ድመቷ በእጇ ስትገፋው ይንከባለልና አንድ ሁለት ፍሬ ይወድቃል። ትበላለች፣ እንደገና ትገፋለች። ሌላው ዓይነት እንደ ገበጣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ሰሌዳ ነው፣ በእጇ እየቆፈረች ነው የምታወጣው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አንዲት የእንስሳት ሐኪም የአይጥ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ መመገቢያዎች ሠርታለች፤ ምግቡ እነሱ ውስጥ ይገባና ቤት ውስጥ ይደበቃል፣ ድመቷ ፈልጋ «ታድናቸዋለች»። ይሄኛውን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቆይቶ ግን ቀናሁ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ግን አትንኩት። እኔ በቴሌግራም 3,500 ብር ሰጥቼ ገዝቻለሁ። ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ ካሜራ አለው፣ ቢሮ ሆነሽ ስትጫኚው ፍሬ ይወረውራል ተባልኩ። መጀመሪያ ኔትወርክ እምቢ አለ። ከዚያ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ምግቡ ውስጡ ተቀርቅሮ ማሽኑ ብቻውን ሲያጓራ ዳልቻ ደንግጣ ሁለት ቀን ሳሎን አልገባችም። ሻጩን ደወልኩለት፣ «እህቴ፣ ድመትሽ አልለመደችም» አለኝና ስልኩን ዘጋ። ቢሠራስ? ሰዓቱ ሲደርስ ምግብ የሚጥል ማሽን ድመቷን ምንም አያሠራትም። ሰዓት ያለው ሳህን ነው።

ጸሐፊው እንግዲህ እዚህ ላይ ትክክል ነው፣ ብሩን በተመለከተ። ግን ማን ግዙ አለ? የዳልቻ ዋና መጫወቻ ዛሬ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው። አጥቤ አደርቀዋለሁ። ወረቀቱን እልጣለሁ፣ ከክዳኑ ሥር የምትቀረዋን ቀለበትም ቆርጬ እጥላለሁ፣ ነክሳ ልትውጣት ስለምትችል። ከዚያ ከፍሬው ትንሽ ሰፋ ያለ ሦስት አራት ቀዳዳ እበሳለሁ፣ ጠርዙ እጇን እንዳይቆርጣት በሻማ ለስለስ አደርገዋለሁ። አለቀ። የእንቁላል ካርቶንም ይሆናል፣ ፍሬውን በየጉድጓዱ መበተን ነው። ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረውን ካርቶንም ሁለት ጫፉን አጥፎ መስጠት ይቻላል፣ ቀዳድዳ ታወጣዋለች፤ ቤቱ ይቆሽሻል ግን ሶፋው ይተርፋል። ክርና ላስቲክ ብቻ አታስሩበት። ድመት ክር ከዋጠች አንጀቷን ሰብስቦ ይጨማደድባታል፣ ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው፣ የድመት ቀዶ ሕክምና ደግሞ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም።

ውስጡ ምን ይግባ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አያለሁ። ከውጭ የሚመጣው ደረቅ የድመት ምግብ ውድ ነው። እኔ እሱን ሳህኗ ላይ ከምሰጣት ላይ ቀንሼ ነው ሃይላንዱ ውስጥ የምጨምረው፣ ተጨማሪ አልሰጣትም፤ ያለዚያ እያጫወትኩ አወፍራታለሁ ማለት ነው። ለጉርሻ ደግሞ የራሴ ቋንጣ አለኝ። ሥጋውን እቀቅላለሁ፣ የምስር ፍሬ በሚያክል እከትፋለሁ፣ በለስላሳ እሳት አደርቀዋለሁ። በርበሬ የለ፣ ጨው የለ፣ ምንም የለ። ከጾም በፊት አዘጋጅቼ ካላስቀመጥኩ ሰፈራችን ሥጋ ቤቱ 55 ቀን ይዘጋል፣ ዳልቻ ደግሞ ሁዳዴ አትጾምም። ጉርሻው ታዲያ ከቀን ምግቧ ከአሥር አንድ እጅ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ዋናው ምግብ አይሆንምና። ድመት ሥጋ ውስጥ ያለውን ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር በበቂ ካላገኘች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል፣ መቀቀል ደግሞ ታውሪኑን ይቀንሰዋል።

የወጥ ፍርፋሪ ግን በጭራሽ። እንጀራውን ትበላለች አትበላም ሌላ ጉዳይ ነው፣ ችግሩ ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ቢበስልም ያው ነው፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ካልሆነ ምንድን ነው? የጎረቤት ልጆች አንዴ ሃይላንዱን በብስኩት ሞልተውልኝ አገኘሁ፣ ደግነታቸው ነው። ዳልቻ አሽታ ሄደች። ድመት ጣፋጭ አትቀምስም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ጣፋጭ ከሚለዩት ጂኖቿ አንዱ ከጥቅም ውጪ ነው። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው በጣም ነው ያዘኑላት።

አሁን አንድ ሐቅ ልናዘዝ። ድመት ሥራ ትወዳለች ብዬ እየጻፍኩ ነው አይደል? ብዙ እንስሳ፣ አይጥና ወፍ ሳይቀር፣ በነፃ የተቀመጠውን ትቶ ለፍቶ ማግኘት የሚመርጥበት ጊዜ አለ። ድመትስ? ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ውስጥ 17 ድመቶች ላይ ሞከሩትና እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱን አወጡ፤ ሳህኑና መጫወቻው ጎን ለጎን ሲቀርብላቸው አብዛኞቹ ሄደው ሳህኑን በሉ። እኔ ይሄን ሳነብ ዳልቻን አየኋትና «አንቺም ከነሱ ነሽ» አልኳት። ግን ማን ነው ምሳው ተዘጋጅቶ ቀርቦለት ድስት የሚጥድ? በነፃ የተሰጠውን መምረጧ ሥራው አይጠቅማትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ አራት ባለሙያዎች በድመት ሕክምና መጽሔት ላይ በእንደዚህ ዓይነት መጫወቻ መመገብ ስለጀመሩ ድመቶች ጽፈዋል፣ የከሱ አሉ፣ ሰው ላይ መዝመት የተዉም አሉ። የእኔዋም ተረከዜን ከተወችኝ ቆየች።

ዋናው ነገር አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጠባብ ቀዳዳ ሰጥተሽ ከመሬት ተነስተሽ «ብይ» ብትያት ትተወዋለች፣ ድመት እንደ ውሻ እኛን ለማስደሰት አትለፋም። መጀመሪያ ቀዳዳው ሰፊ ይሁን፣ ሃይላንዱም ሞላ ይበል፣ ነካ ስታደርገው እንዲፈስላት። ሳህኗም አጠገቡ ይቆይ። ሲገባት ቀስ እያልሽ ቀዳዳውን ታጠብቢያለሽ። ዳልቻ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። «ሲርባት ትለምዳለች» ብሎ ማስራብ ግን ክፉ ምክር ነው፤ ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች ስቡ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። ሃይላንዱን ደግሞ እጠቡት። አንድ ሳምንት ረስቼው ጉንዳን ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ ተሰልፎ መጣብኝ።

ያልጠበቅኩት ጣጣ ድምፁ ነበር። ሃይላንድ ሴራሚክ ላይ ሌሊት ሲንከባለል ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ከታች ያሉት ጋሼ ናቸው። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት እህል ትፈጫለሽ እንዴ?»

«ኧረ አይደለም ጋሼ፣ ድመቴ ናት።»

«ድመትሽ ናት የምትፈጨው?»

አስገብቼ አሳየኋቸው። ዳልቻም እንደ ተንኮል እሳቸው ፊት አልሠራም አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። እሳቸው ሃይላንዱን አንስተው አገላበጡት፣ ቀዳዳውን በጣታቸው ለኩ፣ «ይሄ ለሷ ሰፊ ነው፣ ደፋር ናት፣ አጥብቢባት» ብለው ሄዱ። አሁን ምንጣፍ አንጥፌ ማታ እዚያ ላይ ብቻ ነው የምሰጣት፣ ከመተኛቴ በፊት። የሌሊቱ 10 ሰዓት ጩኸትም በዚያው ቀረ። ኪሎዋ 5 ከሩብ ደርሷል። ሐኪሙ ቀስ ብሎ መውረዱን ወዶታል።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልበል፣ ያለ ቂም። ድመት አይጥ ትያዝ ካሉ እኔም ደስ ይለኛል፣ ነገ ጠዋት በሩን እከፍትላታለሁ። ግን መጀመሪያ ያ መርዝ ከደረጃው ሥር ይነሳ። በየብሎኩ ልጆች በሚጫወቱበት በግልጽ ተበትኖ ነው ያለው፣ በእኛ ብቻ አይመስለኝም። ለቀልድ የሰጣችሁትን ያህል ቦታ ለእሱ ብትሰጡት ፎቶውን እኔ አነሳላችኋለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከሰሚት