ለአባዬ፣ ስለ ሰባቱ መጻሕፍት

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ሞራው ከተገፈፈልህ ወዲህ ምን ምን እንዳየህ ልትነግረኝ ስትጀምር ስልኩ ተቋረጠ። ጠብታውን በሰዓቱ አድርግ። ከባድ ዕቃ አታንሣ ተብለህ የለም? ትናንት ጀሪካን ስታነሣ ታይተሃል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። የትልቋ ጥርስ ወለቀ። ትንሹ ደግሞ የጦቢትን ታሪክ ካልነገርሽኝ አልተኛም እያለ አስቸግሮኛል። ያስጀመርከው አንተ ነህ። የድንቢጥ ኩስ ዓይን ላይ ወድቆ ሲያሳውር፣ ልጁ በዓሣ ሐሞት ሲቀባው ነጩ ነገር ከአባቱ ዓይን ሲላጥ፣ ደግሞ ያ መንገድ የተከተላቸው ውሻ። «እማዬ፣ ከመጽሐፉ ላይ አሳይኝ» ይለኛል። የኔው የፕሮቴስታንቱ መጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት ነው ያሉት፤ ጦቢትን ጨምሮ በአንተው በካቶሊኩ ውስጥ ያሉት ሰባቱ የሉበትም።

ጌታን ተቀበልኩ ያልኩህ ቀን «ሰባት መጻሕፍት ቀዳችሁ ጣላችሁ» አልከኝ። እኔም «እናንተ ናችሁ እ.ኤ.አ. በ1546 በትሬንት ጉባኤ ላይ የጨመራችሁት» አልኩ። ሁለታችንም እየጮኽን ተሳሳትን። ጦቢትና መቃብያን ያሉበት ዝርዝር በ397 በካርቴጅ ጉባኤ ላይም ነበር፤ ትሬንት በውግዘት አጸናው። የተሐድሶው መሪ ሉተርም አልቀደደም። በ1534ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሙ ከቅዱሳት መጻሕፍት እኩል አይደሉም፣ ለማንበብ ግን ይጠቅማሉ ብሎ ለብቻ አስቀመጣቸው። (የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ባለ 81 መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው መቃብያን ከእናንተው ጋር በስም እንጂ በታሪክ እንደማይገናኝ ስነግርህ እንዴት ሳቅክ!)

«ማውጫው ከሰማይ ወረደ? ቤተ ክርስቲያን አይደለችም የለየችው?» አልከኝ። «ልጅ አባቱን ያውቀዋል እንጂ አባት አያደርገውም። ቤተ ክርስቲያንም መጻሕፍቱን አወቀቻቸው እንጂ ሥልጣን አልሰጠቻቸውም» አልኩህ። ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። አንተ ግን «አንቺስ አባትሽን አውቀሻል?» ብለህ ወጣህ።

የእማዬ ፍትሐት ዕለት ቁምስናው በር ላይ ቀረሁ። መቃብያን ካልዕ ምዕራፍ 12ን ገልጠህ መጣህ፤ የጦር መሪው ይሁዳ መቃቢስ ለሞቱት ወታደሮቹ መሥዋዕት እንዲቀርብ ገንዘብ የላከበትን። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አፖክሪፋ ነው፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጠርም» አልኩህ። እማዬ ውስጥ ተኝታ። ከዚያ ስድስት ወር ዘጋኸኝ፣ ትልቋ ስትወለድ እንኳ አልደወልክም። እሱን ትቼዋለሁ እል ነበር። አሁን ስጽፈው ግን እንጃ።

ባለፈው «ስሞት ቅዳሴ ታሳርጊልኛለሽ?» ስትለኝ ስለ ጥርስ ማውራት የጀመርኩት ሰምቼ ነው። አላሳርግም፣ አባዬ። የማላምንበትን ባደርግልህ አንተም አትወደውም። ወንድሜ ያሳርግልህ። በር ላይ ግን አልቆምም። ገብቼ እማዬ ትቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፣ እስኪያልቅ።

ለሰኔ ትኬት ቆርጠናል። ያን ትልቁን መጽሐፍህን ለማንም እንዳታውስ። ትንሹ ውሻው ያለበትን ገጽ ካላሳየኸኝ ብሏል። ጠብታው ሊያልቅ ሲል ንገረኝ፣ ከዚህ ይዤልህ እመጣለሁ።

ልጅህ