ሃይበሪን ዝም ያሰኘው ወንበር አይደለም

ይድረስ ለስፖርት አምድ አዘጋጅ፤

ስለ ድሮዎቹ የእንግሊዝ ስታዲየሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ መጀመሪያ ደስ እያለኝ፣ ኋላ ደግሞ ደሜ እየፈላ አነበብኩት። ደስታው ይገባችኋል። የአርሰናልን የድሮ ሜዳ ሃይበሪን፣ በተለይ ሰው ቆሞ የሚያይበትን ኖርዝ ባንክን በአማርኛ የሚያነሳ ሰው ብዙ አላየሁም። ያናደደኝ ደግሞ የስታዲየሞቹን ድባብ ያጠፋው ወንበር ነው ማለታችሁ ነው። ወደ ንዴቱ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ፎቶው አንድ ነገር ልበል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የ1992 የኖርዝ ባንክ ደጋፊዎች ናቸው ብላችሁ ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ደጋፊ የለም። ሥዕል ነው። በ1992 ክረምት ሰው ቆሞ የሚያይበት ወገን ፈረሰ። አዲሱ ትሪቡን እስኪሠራ ድረስ ግንባታውን የሚሸፍን፣ ሕዝብ የተሳለበት ግዙፍ መጋረጃ ከጎሉ ጀርባ ተሰቀለ። ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ በሥዕል ፊት ተጫወተ።

ጉዱ ደግሞ ይሄ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ መጀመሪያ ሲሰቀል ጥቁር ፊት አልነበረበትም። ሜዳ ውስጥ ጥቁሮቹ ተጫዋቾቻችን ኢያን ራይት፣ ኬቨን ካምቤልና ፖል ዴቪስ እየሮጡ ከጎሉ ጀርባ ያለው ሕዝብ ሙልጭ ያለ ነጭ! እኔ ያን ደረጃ ለዓመታት የረገጥኩ ሰው ነኝ። «እኛስ የት ሄድን?» ብለን ሳቅን፣ ግን ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር። ቅሬታው ሲበዛ ሠዓሊዎቹ ተመልሰው ጥቁር ፊቶች ጨመሩበት። በሥዕሉ ፊት የተደረገው የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታ ከኖርዊች ጋር ነበር፣ ነሐሴ 15 ቀን 1992። አርሰናል 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 4 ለ 2 ተሸነፈ። ሥዕል አይጮህ፣ አያስፈራራ፤ ኖርዊቾች ምን ቸገራቸው!

እውነተኛውን ሕዝብ ያየሁት ቀደም ብዬ ነው። ሎንደን የደረስኩት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነበር። ቋንቋው አልገባ፣ ብርዱ አልለመድ ብሎኝ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ሳህን አጥብ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አንድ ቅዳሜ «ና ኳስ እንይ» አለኝ። ትኬት አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። የምን ትኬት? ትሰለፋለህ፣ በጠባቧ በምትሽከረከረው የብረት በር በኩል ሳንቲምህን ከፍለህ ትገባለህ፣ አለቀ።

አርሰናል በሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ወረድን። እንደ ጉድጓድ የሚረዝመውን ጠባብ መተላለፊያ ከሰው ጋር እየተገፋፋን ወጣን። ደጅ ስንደርስ ተራ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ስታዲየሙ በቤቶቹ መሃል ተሸጉጦ ተቀምጧል። በሩን አልፈህ፣ ደረጃውን ወጥተህ ጫፍ ላይ ስትደርስ ሜዳው ቁልቁል ይታይሃል። እንደዚያ ያለ አረንጓዴ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ኖርዝ ባንክ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ወንበር የለም። በየመሃሉ ወገብ የሚደርስ የብረት መደገፊያ ተተክሏል። አዲስ ገቢ ብረቱን ፊቱ አድርጎ ተደግፎ ይቆማል። ይሄ ሞኝነት ነው። ሰው ከላይ መገፋፋት ሲጀምር ሆድህን ከብረቱ ጋር ያጣብቅልሃል። ነባሩ ጀርባውን ለብረቱ ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ግፊቱ ከኋላው እንደ ማዕበል መጥቶ ብረቱ ላይ ይሰበራል፣ እሱ ንቅንቅ አይልም።

ይህን ያስተማሩኝ ሁሌ እዚያው ብረት ጋ የሚቆሙ አንድ አዛውንት ናቸው። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም፣ ስሜንም አልጠየቁኝም። እዚያ ሰው የሚታወቀው በሚቆምበት ቦታ ነው። ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ። በክዳኑ ቀድተው መጀመሪያ ለእኔ ያቀብሉኛል፣ እሳቸው ቀጥሎ ይጠጣሉ። በልጅነታቸው፣ መጋቢት 1935፣ ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ አባታቸው ይዘዋቸው ገብተው ነበር። ያን ቀን 73,295 ሰው ገባ፣ የሃይበሪ የምንጊዜም ሪከርድ ነው። ሕፃናቱን በሰው ጭንቅላት ላይ እየተቀባበሉ ወደ ፊት አወረዷቸው አሉኝ። እሳቸውም ከተወረዱት አንዱ ነበሩ። ግማሹን እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከእሳቸው ነው፤ ዳኛ ላይ የሚወርደውን ክፍል በተለይ።

ጎል ሲገባ ግን ብረትም አያድንህም። ሕዝቡ ቁልቁል ይናዳል። ከነበርክበት ብዙ ደረጃ ወርደህ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ተናንቀህ ትዘላለህ። ከዚያ ሁሉም ሽቅብ ወደየቦታው ይመለሳል። አንድ ጊዜ ጫማው ወልቆ የጠፋበት ሰው በአንድ እግሩ እየዘለለ ሲዘፍን አይቻለሁ። ጫማው በኋላ በሰው እጅ እየተላለፈ መጣለት።

ዘፈኑ ሁልጊዜ የሚነሳው ከመሃል፣ ከጣሪያው ሥር ነው። ጣሪያው ድምፁን ወደ ሜዳው ይመልሰዋል። ከወዲያኛው ጎል ጀርባ፣ ትልቁ ሰዓት ካለበት ከክሎክ ኤንድ በኩል ደግሞ መልስ ይመጣል። አዝማች የለ፣ መሪ የለ፣ በስፒከር «አጨብጭቡ» የሚልህ የለ። ዛሬ በየስታዲየሙ በማይክራፎን የሚለምኑትን ስሰማ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ሁሉም ማር ነበር አልልም። በእንግሊዝ ስታዲየሞች ለጥቁር ተጫዋች ሙዝ የሚወረወርበት፣ የዝንጀሮ ድምፅ የሚሰማበት ዘመን ነበር። ከሃይበሪ ውጪ ቡድኔን ተከትዬ ስሄድ የሰማሁትን እዚህ አልደግመውም። ሽንት ቤቱ የሚነሳ አልነበረም። መውጣት ያልፈለገ ሰው ደግሞ የት እንደሚሸና የፊተኛው ሰው ሱሪ ይመሰክራል። ሴቶች ከቁጥር የሚገቡ አልነበሩም። ናፍቆት ይህን ሁሉ አጥቦ ሲያቀርበው ደስ አይለኝም፤ ጽሑፋችሁ ትንሽ እንደዚያ አድርጓል።

አሁን ወደ ንዴቱ። ጸሐፊያችሁ ድባቡን ያጠፋው ሂልስቦሮ በተባለው ስታዲየም ሰዎች ካለቁ በኋላ የወጣው የቴይለር ሪፖርት ነው፣ ሰውን በግድ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ሕግ ነው ይላል። ይህ ለሟቾቹም፣ ሪፖርቱን ለጻፈው የፍርድ ቤት ዳኛ ለሎርድ ቴይለርም ፍትሐዊ አይደለም።

ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ቅዳሜ ነበር። እኛ ሃይበሪ ቆመን አርሰናል ከኒውካስል ሲጫወት እያየን ነው። 1 ለ 0 አሸነፍን። ግን ከእረፍት በኋላ ትናንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ የለጠፉ ሰዎች ፊታቸው ተለዋወጠ። ሼፊልድ፣ ሂልስቦሮ ላይ የሊቨርፑልና የኖቲንግሃም ፎረስት የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ተቋርጧል። ሰው ሞቷል። ስንት? አንዱ ያን ያህል ይላል፣ ሌላው ይጨምራል። በመጨረሻ የሟቾቹ ቁጥር 97 ደረሰ።

እነዚያ ሰዎች የሞቱት ቆመው ስላዩ ብቻ አይደለም። ፖሊስ የውጪውን በር ከፍቶ፣ ሕዝቡ በአንድ መተላለፊያ ቀድሞውኑ ጢም ወዳለው መሃለኛ ክፍል ገባ። ፊት ለፊቱ ደግሞ የብረት አጥር ነበር። ማምለጫ አልነበረም። ለዓመታት ጥፋቱ በደጋፊው ላይ ተላከከ። በ2016 ከተራ ዜጎች የተውጣጣ የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉና ደጋፊው ጥፋት እንደሌለበት ወሰነ።

ሃይበሪ አጥር አልነበረውም። በዚህም ምክንያት በነዚያ ዓመታት ግማሽ ፍጻሜ አይሰጠውም ነበር። እኛ ግን ከሜዳው የሚለየን አጭር ግንብ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ጨዋታ አዛውንቱ ያንን ግንብ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ሌላ ምንም አላሉም፣ ሻዩንም አልቀዱም።

ቴይለር የመጨረሻ ሪፖርቱን ያወጣው በጥር 1990 ነው። ትልልቆቹ ስታዲየሞች ሁሉ ወንበር ይኑራቸው አለ። ነገር ግን እዚያው ሪፖርት ላይ መቆም በራሱ አደገኛ ነገር አይደለም ብሎ ጽፏል። ዋጋውንም አልረሳውም። ወንበር መጣ ተብሎ ትኬት ሰማይ መንካት የለበትም ለማለት የግላስጎውን አይብሮክስ ምሳሌ ጠቀሰ። እዚያ መቀመጫው 6 ፓውንድ፣ መቆሚያው 4 ፓውንድ ነበር። ልዩነቱ ሁለት ፓውንድ! አይብሮክስ ራሱ በጥር 1971 በደረጃ ላይ ግፊያ 66 ሰው የሞተበት ሜዳ ነው፤ ስለ ደኅንነት የሚያውቁትን በደም ነው የተማሩት።

ታዲያ ክለቦቹ ከሪፖርቱ የትኛውን ገጽ አነበቡ? ወንበሩን። የዋጋውን ገጽ ዘለሉት።

አርሰናል አዲሱን ኖርዝ ባንክ ለመገንባት ቦንድ ሸጠ። አንዱ 1,100፣ ሌላው 1,500 ፓውንድ። ልብ በሉ፣ ይህ የትኬቱ ዋጋ አይደለም። የዓመት ትኬት የመግዛት መብት ለማግኘት የሚከፈል ነው፤ ትኬቱን ከዚያ በኋላ ትገዛለህ። ደጋፊው ተቃወመ፣ ተሰለፈ፣ ጮኸ። እኔ በሳህን አጣቢ ደሞዝ 1,500 ፓውንድ ከየት ላምጣ? አዛውንቱም ጡረተኛ ነበሩ።

ግንቦት 2 ቀን 1992 ለመጨረሻ ጊዜ ቆምን። ሳውዝሃምፕተንን 5 ለ 1 ደበደብነው። ኢያን ራይት ሐትሪክ ሠርቶ በመጨረሻዋ ሰዓት የሊጉን የኮከብ ግብ አግቢነት ከጋሪ ሊንከር ነጠቀ። ጨዋታው ካለቀ በኋላም ሰው አልወጣ አለ። አንዳንዱ ከሲሚንቶው ቁራጭ ለመንቀል በቁልፍ ይቧጭራል። አዛውንቱ የሚደገፉትን ብረት ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና «በል እንግዲህ» ብለውኝ ወረዱ። አዲሱ ትሪቡን በነሐሴ 1993 ሲከፈት አልመጡም። እኔ አንዳንዴ ተበድሬም ቢሆን እገባ ነበር። የደረሰኝ ወንበር ግን ቁጥር አለው። ጎረቤቴን የሚመርጥልኝ ኮምፒውተር ነው። ጓደኞቼ ሌላ ጥግ ደርሷቸዋል። ልጅ ይዞ የሚመጣው ሰው ቁጥር ቀነሰ፣ ብቻቸውን የሚመጡት የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ደግሞ ጠፉ። ዘፈኑን የሚያነሱት እኮ እነሱ ነበሩ።

ለዚህ ነው ወንበሩን ብቻ መክሰስ አይዋጥልኝም የምለው። ሰው ወንበር ላይም ሆኖ ይዘፍናል፣ ካልተመቸው ይነሳል። ኖርዝ ባንክን ኖርዝ ባንክ ያደረገው ቅዳሜ ጠዋት ተነስተህ «ዛሬ እሄዳለሁ» ማለት መቻልህ ነው። ኪስህ ይችለዋል፣ ከወደድከው ሰው ጎን ትቆማለህ። ሃይበሪ በ2006 ተዘግቶ መኖሪያ ቤት ሆነ፣ የጥንቱ የምሥራቅ ትሪቡን ፊቱ በቅርስነት ተጠብቆ እስከ ዛሬ አለ። ክለቡ አዲሱ ስታዲየሙ ኤምሬትስ ገባ፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። የብዙው ወንበር የዓመት ትኬት ግን ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው። ቦታ ሞልቷል፤ የድሮዎቹ ልጆች አቅም ነው ያልደረሰበት።

ጽሑፋችሁ ያለፈው አንድ ነገርም አለ። መቆም ራሱ ተመልሷል። በእንግሊዝ ከ2022 ጀምሮ ፈቃድ ባገኙ ክለቦች ደጋፊው በሕጋዊ መንገድ ቆሞ ያያል። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ብረት ስላለው ሕዝቡ ቁልቁል አይናድም። የጠፋው ጫማ ታሪክ እዚያ አይደገምም፣ ሂልስቦሮም አይደገምም፤ በዚህ ልውውጥ እስማማለሁ። ግን ትኬቱ ያው የወንበር ዋጋ ከሆነ የቆሙት ያው የተቀመጡት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ለጸሐፊያችሁ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ቀጣዩን ጽሑፍ ስለ ጀርመኑ ክለብ ዶርትመንድ ይጻፉልን። ደቡባዊው ትሪቡን ላይ ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቆሞ ያያል፣ በእንግሊዝ ለአንድ ጨዋታ የሚጠየቀውን በማይደርስ ዋጋ። እንግሊዛውያን ራሳቸው አውሮፕላን ተሳፍረው ድባቡን ፍለጋ እዚያ ይሄዳሉ። ክለቡ እንዲህ እያደረገ እንዴት አልከሰረም? ሒሳቡን አስቀምጡልን፣ እኛም እናንብበው።

ከአክብሮት ጋር፤
የቀድሞ የኖርዝ ባንክ ቋሚ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ይታወቅ)