ለአንድ ወንበር አሥራ አንድ ስልክ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ስለሚያስተምሩ የእኛ አገር ሰዎች ባለፈው ወር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ከእንግዲህ ዘመድ ሲጠይቀኝ አውጥቼ የማሳየው ነገር አገኘሁ። ትልቋን ልጄን ሆምስኩል ማድረግ የጀመርኩ ሰሞን አክስቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ልጅቷን ምን ነክቷት ነው ትምህርት ያቆመችው?" ብላ አልቅሳብኛለች። ትምህርት አላቆመችም፤ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው የምትማረው ብዬ ላስረዳት ብሞክር ለቅሶው ባሰ።

ጽሑፋችሁ ግን አንዱን ነገር በግማሽ መስመር አልፎታል። ቤት የሚማሩ ልጆች "የኤፒ ፈተና ወስደው የኮሌጅ ክሬዲት ማግኘት ይችላሉ" ይላል። እውነት ነው፣ ይችላሉ። የሚፈተኑበት ወንበር ካገኙ።

ለማያውቁ አንባቢዎች ልናገርና ልለፍ። ኤፒ የሃይስኩል ተማሪ የኮሌጅ ጀማሪ ኮርስ የሚያክል ትምህርት ተምሮ በሜይ ወር የሚወስደው ፈተና ነው። የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ፣ ያው ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ባለቤት ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሲሆን ብዙ ኮሌጆች 3 ላመጣ፣ ጠንከር ያሉት ደግሞ 4 ወይም 5 ላመጣ ክሬዲት ይሰጣሉ። በ2025 የአንዱ ፈተና ዋጋ 99 ዶላር ነበር። ኮሌጅ ለአንድ ኮርስ ስንት እንደሚያስከፍል የቀመሰ ወላጅ ሒሳቡን ራሱ ይሥራው።

ቤት ለሚማር ልጅ ግን ነገሩ ከገንዘቡም ያልፋል። የልጄን ትራንስክሪፕት የምጽፈው እኔ ነኝ። ባዮሎጂ ኤ፣ ካልኩለስ ኤ ብዬ እፈርምበታለሁ። እናት ለልጇ የሰጠችውን ኤ ማን ያምናል? እኔም ብሆን አላምን። ስለዚህ የእኔ እጅ ያልገባበት፣ የማን ልጅ እንደሆነች የማያውቅ ሰው ያረመው ፈተና ያስፈልጋታል። ድሮ ለዚህ ኤስኤቲ ሰብጀክት ቴስት የሚባል ነበር፤ ተማሪው ራሱ በኢንተርኔት ተመዝግቦ ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ ይፈተናል። እሱ በ2021 መጀመሪያ ላይ እዚህ አሜሪካ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሸክሙ ኤፒ ላይ ወደቀ።

ኤስኤቲን ልጄ ራሷ ተመዝግባ፣ ከፍላ፣ የምትፈተንበትን ትምህርት ቤት መርጣ ወሰደች። እኔ የነዳሁት መኪናውን ብቻ ነው። ኤፒ ግን እንዲህ አይደለም። ኮሌጅ ቦርድ ተማሪን በቀጥታ አይመዘግብም። ኤፒ የሚፈትን ትምህርት ቤት መፈለግ፣ የዚያን ትምህርት ቤት የኤፒ አስተባባሪ ማግኘት፣ ከዚያ መለመን ነው። አስተባባሪው እሺ ካለ ለፈተና ብቻ የሚሆን ኮድ ይሰጣል፤ ልጅቷ ኮዱን አካውንቷ ውስጥ ታስገባለች፤ ፈተናውን የሚያዝላት እሱ ነው። እምቢ ካለ በቃ፣ እምቢ ነው። የውጭ ተማሪ ተቀበል ብሎ ትምህርት ቤቱን የሚያስገድደው የኮሌጅ ቦርድ ደንብ የለም። ድርጅቱ የሚሰጠን ኤፒ ኮርስ ሌጀር የሚባል መዝገብ ነው፤ የትኛው ትምህርት ቤት የትኛውን ኮርስ እንደሚያስተምር ያሳያል። ስልኩን ማንሳት የወላጅ ፋንታ ነው።

እኔ አሥራ አንድ ቦታ ደውያለሁ። የሌሊት ተረኛ ነርስ ስለሆንኩ የምደውለው ጠዋት ከሥራ ስወጣ፣ የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የደወልኩት የሰፈራችን ሃይስኩል ነው። ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ የቤት ግብሬም ይደርሰዋል። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ "የእኛ ተማሪ ናት?" አለችኝ። አይደለችም ስላት "ታዲያ ለምን እዚህ ደወልሽ?" አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ እውነት ግራ ገብቷት ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ጋ የድምፅ መልእክት ተውኩ፤ መልሳቸውን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ። አንዱ ጋ ወደ ካውንስለሩ፣ ማለት ወደ ተማሪዎች አማካሪው መሩኝ፣ ካውንስለሩ ወደ አስተባባሪዋ፣ አስተባባሪዋ ወደ ምክትል ርእሰ መምህሩ፣ ምክትሉ መልሶ ወደ ካውንስለሩ። ቀበሌ ጉዳይ ያስፈጸመ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ ሁሉም ሲመልሱህ "መልካም ቀን" ይሉሃል።

አንድ የግል ትምህርት ቤት ካልኩለሱን እሺ ብሎ ባዮሎጂውን እምቢ አለ፤ ኤፒ ባዮሎጂ ስለማያስተምሩ ለአንዲት ልጅ ብለው ክፍልና ፈታኝ ሊመድቡ አልፈለጉም። አልፈርድባቸውም። አሥራ አንደኛው፣ ከቤታችን ሃምሳ ደቂቃ የሚርቅ ሌላ የግል ትምህርት ቤት፣ ሁለቱንም ተቀበለ። በፈተናው ዋጋ ላይ ለፈታኝ የሚሆን ተጨማሪ ከፈልን፤ ይህም የተፈቀደ ነው። ልጄ ብሉቡክ የሚባለውን የፈተና መተግበሪያ ላፕቶፗ ላይ ጭና፣ ሁለቱንም ቀን በማለዳ ተነስተን በ495 መንገድ ከሥራ ሰዓቱ መኪና ጋር እየተጋፋን ደረስን። አንዱን ቀን ከሌሊት ሥራ ሳላርፍ ነው የነዳሁት፤ ልጅቷ እንዳልተኛ ብላ የሴል ክፍፍልን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየተረከችልኝ ሄደች።

አስተባባሪዎቹን በክፉ ማንሳት አልፈልግም። ብዙዎቹ ካውንስለሮች ናቸው፤ ኤፒው በሌላ ሥራቸው ላይ የተጨመረ ነው። ክፍል ማመቻቸት፣ ፈታኝ ማሠልጠን፣ የማያውቁትን ልጅ መታወቂያ አይቶ ግቢ ማስገባት፣ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ተጠያቂ መሆን አለ። የፈተና ወረቀት ቆጥሮ፣ ቆልፎ፣ አሽጎ መመለሱ ራሱ የቻለ ጭንቀት ነበር። ይህኛው ግን ቀሏል። ከሜይ 2025 ጀምሮ 28 የኤፒ ፈተናዎች በሙሉም ሆነ በከፊል በኮምፒዩተር ሆነዋል። ሠላሳ ልጅ ካልኩለስ የሚፈተንበት ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንደኛ ወንበር ማስገባት ግቢውን አያፈርሰውም። ለኔ የከበደኝ እምቢታው አይደለም፤ እሺታውም እምቢታውም ስልኩን ባነሳው ሰው የዕለቱ ስሜት ላይ መንጠልጠሉ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ማትሪክ የመጀመሪያውን ጊዜ ሳይሳካለት ቀርቶ በሁለተኛው የግል ተፈታኝ ሆኖ ነው የወሰደው። የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ከሆነ ሰው "የግል ተፈታኝ" ምን እንደሆነ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የማታ የተማረ፣ ሥራ ይዞ የቆየ፣ ክፍለ አገር ወርዶ የተመለሰ፣ ክፍያውን ከፍሎ ጉርድ ፎቶውን ሰጥቶ ይመዘገባል፤ ቁጥር ያለው ወንበር ይጠብቀዋል። በመዝገብ ቤት በኩል ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እናታችን ታውቃለች፤ ይሁን እንጂ ሰልፉ የት እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ድሃ አገራችን ይህን በር አስቀምጣለች። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ብዙ ተብሏል፣ እኔም ብያለሁ፤ ግን ወንበሩን ራስህ ፈልግ የተባለ ልጅ አልነበረም። እዚህ ላፕቶፕ በየልጁ ጭን ላይ ባለበት አገር የእኔ ልጅ የግል ተፈታኝ የምትባልበት ቃል እንኳ አጣሁላት።

አይቻልም እንዳይባል፣ ወንዙን ተሻግሮ ተችሏል። በቨርጂኒያ ስለ ቤት ውስጥ ትምህርት የሚደነግገው የሕግ አንቀጽ፣ ቁጥሩ 22.1-254.1፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት ቦርዶች የኤፒንና የኤስኤቲ መለማመጃ የሆነውን የፒኤስኤቲን ፈተና ቤት ለሚማሩ ልጆች እንዲያቀርቡ ያዛል። "ቢፈልጉ" አይልም። የመመዝገቢያውን ቀን በጽሑፍ አውጥተው ለወላጆች እንዲያሳውቁ፣ አቅም ለሌለው ድጋፍ መኖሩንም እንዲነግሩ ያዛል። አሌክሳንድሪያ የምትኖር ጓደኛዬ ልጇን ያስመዘገበችው በአንድ ኢሜይል ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ አሥራ አንድ ስልክ፣ እሷ እዚያ ማዶ አንድ ኢሜይል። በመካከላችን ፖቶማክ ወንዝና አንድ አንቀጽ አለ።

ኮሌጅ ቦርድም ቢሆን መንገዱ ጠፍቶት አይደለም። ክሌፕ የሚባለው ሌላው ፈተናው ለኮሌጅ ክሬዲት ነው የሚወሰደው፤ ማንም ሰው ራሱ ተመዝግቦ ኮሌጅ ባለ መፈተኛ ጣቢያ፣ ካሻውም ቤቱ ተቀምጦ በካሜራ እየታየ ይወስደዋል። ወንበር ላጡ ወላጆች ክሌፕን እመክራለሁ፤ ሞደርን ስቴትስ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ትምህርቱን በነፃ ሰጥቶ የፈተናውን ክፍያም ይሸፍናል። ችግሩ የማይቀበሉት ኮሌጆች መኖራቸው ነው፤ ስሙ የገነነው ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲደርስ በሩ ይጠብባል። በ2020 በኮቪዱ ጊዜ ደግሞ ኤፒ ራሱ ወደ 45 ደቂቃ አጥሮ ልጆች ቤታቸው ሆነው ተፈትነዋል። እሱ ይመለስ አልልም፤ የመልሳቸውን ፎቶ ሲልኩ አልሄድ ብሏቸው ያለቀሱ ልጆች ነበሩ፣ መኮራረጁም አለ። ልጄ ሰው እያያት፣ ሥርዓት ባለው ክፍል ውስጥ ትፈተን ነው የምለው።

በየዓመቱ በጃንዋሪ የሜሪላንድ ሕግ አውጪዎች አናፖሊስ ገብተው ለ90 ቀን ይቀመጣሉ። በሞንትጎመሪም በፕሪንስ ጆርጅስም ካውንቲ ድምፃችንን ፈልገው በየምግብ ቤታችን እንጀራ የሚቆርሱ ተመራጮች አሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ክትፎው ሲቀርብላቸው አንድ ሰው የቨርጂኒያን አንቀጽ አጠገቡ ያስቀምጥላቸው። በካውንቲው ሥር ሆኖ ቤት የሚማር ልጅ ያለበትን መዝገብ የሚይዘው የካውንቲው ትምህርት መሥሪያ ቤት ነው፤ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ፖርትፎሊዮአችንን፣ ማለት የልጆቹን ሥራ ስብስብ ይገመግማል። ደብተራችንን ለማየት የሚያውቀን መሥሪያ ቤት ለፈተና ሲሆን ባዕድ ሊያደርገን አይገባም።

ሕግ እስኪወጣ ግን ልጆቹ ያድጋሉ። ስለዚህ የተማርኩትን ላካፍል፤ ጋዜጣችሁም በየዓመቱ ኦገስት ላይ ቢያትመው ውለታ ነው። ፍለጋው የሚጀመረው ኦገስት ነው፣ ቢዘገይ ሴፕቴምበር። ከ2019 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚያዙበት ቀን ወደ ኖቬምበር አጋማሽ መጥቷል፤ ራሳቸው የሚቆርጡት ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቀድማል። ዘግይቶ ለሚታዘዝ ፈተና 40 ዶላር ይጨመራል፣ ማርች አጋማሽ ሲያልፍ ግን ገንዘብም አያስገኘውም። የማውቃት አንዲት እናት ኤስኤቲ መስሏት በኤፕሪል ደውላ የልጇ ዓመት ባከነ። ስትደውሉ "ልጄ ኤፒ መፈተን ትፈልጋለች" አትበሉ፤ የኤፒ አስተባባሪውን ስምና ኢሜይል ብቻ ጠይቁ። ኢሜይሉ ላይ ትምህርቱን ጻፉ፣ ያ ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን መርጣችሁ፤ ተጨማሪ ክፍያ ካለ እንደምትከፍሉም አስቀድማችሁ ንገሩ። የግልና የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን አትዝለሉ። ለልጁ ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው ከሆነ ያ ፈቃድ ከኮሌጅ ቦርድ ለብቻው በጊዜ መጠየቅ አለበት፤ የትምህርት ቤቱ እሺታ አይበቃም። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች የፈተናው ዋጋ ቅናሽ አለው፣ እሱንም የሚያስገባው አስተባባሪው ስለሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ።

የመጨረሻው ለወገኖቼ ነው። በዚህ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በመምህርነት፣ በረዳት መምህርነት፣ በቢሮ ሥራ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። አሥራ አንደኛው ትምህርት ቤት እሺ ያለኝ እኔ ስለተናገርኩ አይመስለኝም። ስሜን በስልክ ፊደል በፊደል ስነግራት "ቆይ፣ ሐበሻ ነሽ እንዴ?" ብላ በአማርኛ የቀጠለች፣ ፊት ለፊት ቢሮ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ኢሜይሌን በእጇ ወስዳ አስተባባሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ታናሿ ልጄ ለሚቀጥለው ዓመት ኬሚስትሪ ብላለች፤ አስተባባሪው ተቀይሯል፣ ልጅቷ ግን አሁንም እዚያው እንደምትሠራ ትናንት ደውዬ አረጋግጫለሁ።

የሁለት ልጆች እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ