ለሰፋ ልብ መነሻው መጠን መድረሻው አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጉንፋን መሳይ ሕመም ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ሰው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፤ በአንድ ትራስ መተኛት ትቶ ሁለት ሦስት ይደርባል፤ ሌሊት ሳል ይቀሰቅሰዋል፤ ማታ ማታ ጫማው ይጠበዋል። ብዙ ጊዜ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚታዘዘው ሳሉ ብሮንካይት ተብሎ አንቲባዮቲክ ከተዋጠለት በኋላ ነው። ውጤቱም «ልብህ ሰፍቷል» ይሆናል። ይህን የሰማ ሰው ወይ ኑዛዜውን ያስባል፣ ወይ የታዘዘለትን ክኒን ሲጨርስ የሚገላገለው ይመስለዋል። እኛን ያስጻፈን ሁለተኛው ነው።

ኮክሳኪ፣ አዴኖ፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድን የመሳሰሉ ቫይረሶች የልብን ጡንቻ ያስቆጣሉ። ቫይረሱ ከለቀቀም በኋላ የሰውነት መከላከያ ጡንቻውን ማጥቃቱን ሊቀጥል ይችላል። ጡንቻው ሲዳከም የግራው ክፍል ተለጥጦ እንደ ላላ ላስቲክ ይሆናል። ጤናማ ልብ በአንድ ምት በግራ ክፍሉ ከያዘው ደም አብዛኛውን ጊዜ ከ55 እስከ 70 በመቶውን ይረጫል። በኢኮ ወረቀቱ ላይ ይህ ቁጥር 40 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የሚከተለው ሕክምና ይመለከተዋል። «ሰፍቷል» በሚል ቃል ብቻ ማንም ሊሸኝ አይገባም፤ ቁጥሩን ጠይቆ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ደግሞም በአገራችን ልብ የሚያሰፋው ቫይረስ ብቻ አይደለም። የሩማቲክ ቫልቭ ሕመም፣ ያልታከመ የደም ግፊት፣ አልኮል፣ ከወሊድ ጋር የሚመጣ የልብ ድካም፣ ኤችአይቪና ታይሮይድ ሳይታዩ «ቫይረስ ነው» ማለት ችኮላ ነው።

ታካሚዎች በብዛት የሚወዱት ላሲክስን ነው፤ ያሸናል፣ እብጠቱም በቀናት ውስጥ ይጎድላል። ነገር ግን ላሲክስ ውኃውን ያወጣል እንጂ ጡንቻውን አያድንም። ልቡን የሚመልሱት ምንም ስሜት የማይሰጡት ክኒኖች ናቸው፤ ገንዘብ ሲያጥር ቀድመው የሚቀሩትም እነዚሁ ናቸው። ኢናላፕሪል በቀን ሁለት ጊዜ በ2.5 ሚሊ ግራም ይጀመርና ቀስ በቀስ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ካርቬዲሎል ውኃው ከሰውነት ከወጣ በኋላ በ3.125 ሚሊ ግራም ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር፣ ይጀመራል፤ የልብ ምቱና ግፊቱ ከፈቀዱ በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ እየሆነ ወደ 25 ይወጣል፤ ከ85 ኪሎ በላይ ለሚመዝን እስከ 50። ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊ ግራም፣ ከተገኘ ደግሞ ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ይጨመራል። እንግዲህ በ3.125 ጀምሮ ዓመት ሙሉ እዚያው የቀረ ሰው ሕክምናውን ገና በር ላይ ነው የተወው። ጥፋቱ የታካሚው ብቻ አይደለም፤ በየቀጠሮው ያንኑ ማዘዣ የሚደግም ባለሙያም አለበት።

መጠኑ የማይጨመረው አብዛኛውን ጊዜ በፍርሃት ነው። የላይኛው ግፊት 95 ወይም 100 ሆኖ ማዞር ከሌለ፣ ቁጥሩ ብቻውን ማቆሚያ ምክንያት አይሆንም። ካርቬዲሎል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያዝላል፤ ያልፋል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣ ሐኪሙ በሌላ ይቀይረዋል፤ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ወዲያው ቆሞ ድንገተኛ ክፍል ነው። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ በደም ምርመራ ክሬአቲኒን (የኩላሊት መለኪያ) እና ፖታሲየም ሲጀመርና መጠን ሲጨመር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ መለካት አለባቸው። ፖታሲየም ከ5.5 ካለፈ መጠን ይቀነሳል። በዚህ ምክንያት በፖታሲየም የተሠራ «ጤናማ ጨው» ለእነዚህ ታካሚዎች አደገኛ ነው። ለወገብ ሕመም እንደ ዋዛ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንም፣ ውኃ ያስቀራል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ለፅንስ ጎጂ ስለሆኑ ለመውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

ቤት ውስጥ ከሚዛን የሚበልጥ መሣሪያ የለም። ጠዋት ሸንተው፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በስስ ልብስ ይመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ስብ ሳይሆን ውኃ ነው፤ እግር እስኪያብጥ ሳይጠብቁ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ላሲክስ ከታዘዘ ሁለተኛው ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ይዋጥ፤ አለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ያመላልሳል። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ መብለጥ የለበትም፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ከሆነ ወጡ ላይ ሌላ መጨመር ቀርቶ እሱም ይቆጠራል። ጠበል የሚጠጣ ሰው እምነቱን የሚነካበት የለም፤ ነገር ግን ሐኪሙ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ፈሳሽ ከፈቀደ ጠበሉም ከዚያው ይታሰባል። ጾመኛ ከሆነ ክኒኑን በራሱ ከማሸጋሸግ በፊት ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ይመካከር። ከባድ ስፖርት ከሕመሙ መነሻ ጀምሮ ከ3 እስከ 6 ወር ክልክል ነው፤ የቆሰለ ጡንቻ ምቱን በድንገት ሊያዛባ ይችላል።

ሲሻልስ? እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆኗል። ልባቸው ተመልሶ ምልክት ያልነበራቸው 51 ሰዎች ተወስደው፣ 25ቱ በሐኪም ክትትል መድኃኒታቸውን ቀስ በቀስ ሲያቆሙ በስድስት ወር ውስጥ 11ዱ ልባቸው ዳግም ደከመ። ከቀጠሉት 26 ውስጥ አንድም አልነበረም። እነዚያ በክትትል ነበሩ፤ እዚህ ግን ሰው የሚያቆመው ለማንም ሳይናገር ነው።

ክኒኑ ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋም ጉዳዩ ያው ነው። ካርቬዲሎልን በአንድ ቀን ማቋረጥ ምቱን ያፈጥናል፤ ስለዚህ የሰባት ቀን ሲቀር ነው መግዛት። ካልተገኘ ሐኪሙ በቢሶፕሮሎል ወይም ረጅም ጊዜ በሚሠራው ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት ይቀይር። «አንድ ዓይነት ነው» ተብሎ የሚሰጠው አቴኖሎል ግን ለዚህ ሕመም አይተካውም።

ከልብ ክትትል ክፍል ነርስና ፋርማሲስት፣
አዲስ አበባ