ከማንጎው ጋር ተርቡንም እየቀበርን ነው

ለአማራ ክልል ግብርና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የፍራፍሬ ዝንብን በተፈጥሮ ጠላቶቹ ስለ መከላከል

ጤና ይስጥልን።

ዘጌ ውስጥ፣ ከቡናውና ከጌሾው መሃል፣ ጥቂት የማንጎና የዘይቱን ዛፎች አሉኝ። ባለፈው ግንቦት አንድ ጠዋት የወደቀ ማንጎ አንስቼ ቆረስኩ። ላዩ ደህና ነው። መርፌ የወጋው የሚመስል አንድ ነጥብ ብቻ አለበት። ውስጡ ግን ገንፎ ሆኗል፤ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። አንዱ ራሱንና ጭራውን ገጥሞ ተኮማተረና እንደ ፌንጣ ዘሎ እጄ ላይ አረፈ። ያን ሳምንት ገበያ የላክሁትን ማንጎ አሰብኩና አፈርኩ።

እንደ ሰዉ ሁሉ መድኃኒት ገዛሁ። ከተማ ያለ አንድ ሱቅ «ይሄ ሙልጭ ያደርገዋል» ብሎ ሸጠልኝ። ረጨሁ። ዝንቡ ለሳምንት ጠፍቶ ተመለሰ። ያልተመለሱት የጎረቤቴ ንቦች ናቸው። ዛፎቹ ደግሞ ከጣና ድንጋይ ውርወራ አይርቁም። የተረፈውን ጠርሙስ የት እንደምጥለው ግራ ገብቶኝ እስካሁን ጓሮ ሰቅዬዋለሁ።

ዝንቡ ለምን ተመለሰ? መድኃኒቱ የሚያገኘው የሚበረውን ብቻ ነዋ! እንቁላሉ ከልጣጩ ሥር ነው። ትሉ ሥጋው ውስጥ ነው። ትሉ ሲጠግብ መሬት ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባና የስንዴ ቅንጣት በምታክል ቡናማ ሽፋን ይተኛል። በየቤቱ የሚያንኳኳ የተለያየ ጠላት ያስፈልገዋል።

ዋናው አስቸጋሪ ዝንብ ከእስያ የመጣ እንግዳ ነው። በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘው ኬንያ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ሲመጣ ጠላቶቹን አገሩ ትቶ መጣ። ተርቦች እንቁላላቸውን ትሉ ውስጥ ይጥላሉ፤ የሚፈለፈለው ልጃቸው ትሉን ከውስጥ ይበላዋል። የእኛዎቹ ተርቦች ይህን ቢሞክሩም ብዙ ጊዜ አይሆንላቸውም፤ የጣሉበትን እንቁላል ትሉ በሰውነቱ መከላከያ ሸፍኖ ይገድለዋል። ስለዚህ ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ በ2006 እ.ኤ.አ. ከሃዋይ ሁለት ተርቦች አስመጣ። ሁለቱም ሰው የሚናደፉ አይደሉም።

አንዷ ፎፒየስ አሪሳነስ ትባላለች። የዝንቡን እንቁላል ልጣጭ ሥር ፈልጋ፣ እዚያው እንቁላሉ ውስጥ የራሷን ትጥላለች። ሌላዋ ስሟ ምላስ ያስራል፤ ዲያካስሚሞርፋ ሎንጊካውዳታ። የምትፈልገው ትሉን ነው። ረጅም መርፌዋን ፍሬው ውስጥ ሰድዳ ትወጋዋለች። ዘይቱን ላይ ይሠራላታል። ማንጎ ግን ሥጋው ወፍራም ነው፤ ጠልቆ የገባውን ትል መርፌዋ አይደርስበትም። ለማንጎ የመጀመሪያዋ ትሻላለች ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ትል ላይ ቢገናኙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምታሸንፈው ቀድማ እንቁላሉ ላይ የደረሰችው ናት። ሁለተኛዋ ያመለጧትን ትለቅምላታለች። አፈር ለገባው ደግሞ ሜታሪዚየም የሚባል ሻጋታ አለ። ዶሮዎቼም ይጭራሉ፤ እነሱ ግን ውስጡ ዝንብ ይኑር ተርብ አይለዩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የወደቀውን ፍሬ ሰብስባችሁ በጥልቀት ቅበሩ ይባላል። ዝንቡ ይሞታል፤ ልክ ነው። ግን ትሉ ውስጥ ያደገችው ተርብም አብራ ትቀበራለች። ወዳጅ አምጥተን ጉድጓድ ልንከታት ነው? ሃዋይና ሬዩንዮን ደሴት ላይ ለዚህ የተገኘው ዘዴ ድንኳን ነው። የወደቀው ፍሬ በመረብ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ዝንቡ ወፍራም ስለሆነ በቀዳዳው አያልፍም። ቀጭኗ ተርብ ግን ሾልካ ወደ ዛፉ ትመለሳለች።

እኔም ሞክሬያለሁ። በሽንኩርት ከረጢት ሠራሁት፤ ዝንቡ እንደ ልቡ ወጣ። በአልጋ አጎበር ሠራሁት፤ አጎበሩ ለካ መድኃኒት የተነከረ ነው! ከውስጥ በኩል ጥቃቅን ተርቦች ሞተው አገኘሁ። በብልቃጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ወራሚት የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ ያሉ ተመራማሪዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ቀዳዳው የተለካ፣ መድኃኒት ያልነካው መረብ አቅርቡልን። ጉድጓድ ቆፍሩ የሚለው ምክር ከድንኳኑ ጋር ይሻሻል። ሁለቱ ተርቦች ለጣና ዳር መስማማታቸው ዘንዘልማ ካለው የዩኒቨርሲቲው ግብርና ኮሌጅ ጋር ይፈተሽ፤ መጀመሪያ በተዘጋ ቤት፣ ከዚያ በጥቂት ጓሮ። ከውጭ የሚመጣ ሕይወት ያለው ነገር ሲባል እዚህ አካባቢ ሰው ይደነግጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ እምቦጭን አይተናልና። ለዚህም ነው ፈተናው በጥንቃቄ ይሁን የምለው። እስከዚያው ሐይቁ ዳር ዛፍ ሙሉ መርጨት ይቅር። ዝንቡን የሚስብ ምግብ ከጥቂት መድኃኒት ጋር ቀላቅሎ በየቦታው ጠብ ማድረግ ይበቃል። ተርቧንም ንቧንም ከጨረስን በኋላ ማን ሊያግዘን ነው?

ግንቦት ላይ ማንጎው ሲበስል አንድ ባለሙያ ላኩልን። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቡናው ከጓሮ ነው። ማንጎውን ግን ከመጋበዜ በፊት ቆርሼ አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘጌ አርሶ አደር